የመቃብሩ ቁልፍ
ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ስለ ኢየሱስ ሞት የተለያዩበት ታሪክ

በኢየሩሳሌም፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ አንድ ሙስሊም ረጅም የብረት ቁልፍ ይዞ ወደ ጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን በር ይመጣል። በውስጥ ያደሩት መነኮሳት በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት መሰላል ያቀብላሉ። ሌላ ሙስሊም በመሰላሉ ወጥቶ ላይኛውን መቆለፊያ ይከፍታል። ከዚያ በኋላ የቀኑ ጸሎት ይጀመራል። ቁልፉን የሚጠብቀው የጁደህ ቤተሰብ ሲሆን፣ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው የኑሰይባ ቤተሰብ ነው። የመጀመሪያው ቤተሰብ አደራውን የተቀበልኩት ሰላሐዲን ኢየሩሳሌምን በ1187 ከያዘ በኋላ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ አደራዬ ከኸሊፋ ዑመር ዘመን ይጀምራል ይላል። ግሪኩ፣ ላቲኑ፣ አርመኑ፣ ቅብጡ፣ ሶርያዊውና በዴር ሡልጣን ጣሪያ ላይ የሚኖረው የእኛው መነኩሴ ሁሉም የሚገቡት በዚሁ ቁልፍ በሚከፈት በር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ልዩ የሚያደርገው ሌላ ነው። ክርስቲያኖች በዚያ ቦታ ኢየሱስ ተሰቅሎ ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ ብለው ያምናሉ። በሩን የሚከፍትላቸው ሰው ሃይማኖት ግን ያ ነቢይ አልተሰቀለም፣ በዚያ መቃብርም አላደረም ብሎ ያስተምራል። ቁልፉ በእጁ ነው፤ መቃብሩ ግን በእምነቱ ውስጥ የለም።

ለመሆኑ ይህ ልዩነት እንዴት ተፈጠረ? ብዙ ሰው አንዱ ወገን አለ ሲል ሌላው የለም ያለበት፣ ከዚያ ወዲያ የሚባል ነገር የሌለበት ጉዳይ ይመስለዋል። ዛሬ በየመድረኩና በየእጅ ስልኩ የሚሰማው ክርክርም ይህንኑ ያጠናክራል። ታሪኩን ገልጦ ላየ ሰው ግን ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። በሁለቱም ወገን ጠይቀው የተጨነቁ፣ ከራሳቸው ሰዎች ጋር የተከራከሩ፣ ከተቃዋሚያቸው ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የተወያዩ ሊቃውንት ነበሩ። እኛ የወረስነው የክርክሩን ጩኸት ነው፤ ዕውቀቱ ግን ከመንገድ የቀረ ይመስላል።

አብረው የሄዱበትና የተለያዩበት መንገድ

የቁርኣኑ ዒሳና የወንጌሉ ኢየሱስ ረጅም መንገድ አብረው ይጓዛሉ። ሁለቱም ከድንግል ማርያም ያለ አባት ተወለዱ። ሁለቱም መሲሕ ተብለው ይጠራሉ። ሁለቱም ዕውር ያበራሉ፣ ለምጻም ያነጻሉ፣ ሙት ያስነሣሉ። ቁርኣን ዒሳን ከአላህ የሆነ ቃልና ከእርሱ የሆነ መንፈስ ብሎ ይጠራዋል። እናቱ መርየም በቁርኣን ውስጥ በስሟ የተጠራች ብቸኛ ሴት ናት። ሁለቱም በዘመን ፍጻሜ ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። አምላክ ነው ወይስ ነቢይ በሚለው ትልቅ ጥያቄ ይለያያሉ። በታሪክ ረገድ ግን፣ ማለት ምን ተፈጸመ በሚለው ጥያቄ፣ ዋናው መለያያ አንድ ዓርብ ቀን ነው።

ለክርስቲያኑ ያ ዓርብ የሃይማኖቱ ማዕከል ነው። አራቱም ወንጌላት የሚገሠግሱት ወደዚያ ቀን ነው። ከወንጌላቱ አስቀድሞ ሐዋርያው ጳውሎስ በ50ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ የክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ ከሌለ ስብከታችንም እምነታችሁም ከንቱ ነው የሚል አሳብ አስፍሯል። በ4ኛው መቶ ዘመን የተደነገገው ጸሎተ ሃይማኖትም የአንድን ሮማዊ ሹም ስም ጠቅሶ፣ ስቅለቱን በጲላጦስ ጰንጤናዊ ዘመን ላይ ቸንክሮታል። የእምነት ቃል ከመሆኑም በላይ ቀን የተቈረጠለት የታሪክ ቃል ነው ለማለት ነው።

በሀገራችንም የመስቀሉ ሥር ጥልቅ ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ገንዘቡ ላይ መስቀል ሲያስቀርጽ፣ በዓለም ላይ ይህን ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት አንዱ ሆኗል። የሚገርመው፣ በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን በተጻፉ አንዳንድ የኢትዮጵያ የወንጌል ብራናዎች ላይ የስቅለቱ ሥዕል የተሰቀለውን አያሳይም። ሁለቱ ወንበዴዎች በቀኝና በግራ ተሰቅለው ይታያሉ። በመካከሉ ያለው መስቀል ባዶ ሲሆን ከበላዩ በግ ተሥሏል። ሥዕሉ ሞቱን የካደ አይደለም፤ በጉ ራሱ የመሥዋዕቱ ምልክት ነው። ግን ያንን ሞት በዐይን ማየት ለክርስቲያኑም ቢሆን ከባድ እንደ ነበር የሚያስታውስ ይመስላል።

ከክርስቲያኖች ውጭ የጻፉም አሉ። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ በ116 ገደማ፣ ክርስቶስ የተባለው ሰው በጢባርዮስ ዘመነ መንግሥት በጲላጦስ እጅ መገደሉን በአጭሩ፣ ያውም በንቀት መዝግቧል። አይሁዳዊው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮንም አይደለም፣ ቀደምቱ የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ፣ በ93 ገደማ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ስቅለቱ የሚናገር ክፍል ይገኛል። ክፍሉ በኋላ ዘመን በክርስቲያን ገልባጮች እጅ እንደ ተነካካ ሊቃውንቱ ይስማማሉ፤ አብዛኞቹ ግን ከሥሩ የዮሴፈስ የራሱ ቃል አለበት ይላሉ። በ1961 በቂሣርያ የጲላጦስን ስም የያዘ የድንጋይ ጽሑፍ ተገኘ። በ1968 ደግሞ ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን በአንድ መቃብር ውስጥ ምስማር የተተከለበት የአንድ የተሰቀለ ሰው የተረከዝ አጥንት ወጣ። እነዚህ የኢየሱስን ስቅለት የሚያረጋግጡ አይደሉም። ወንጌላቱ የሚያወሩት ሹምና የሚያወሩት ቅጣት በዚያ ዘመን በዚያ ቦታ እንደ ነበሩ ግን ያሳያሉ። የዛሬዎቹ የታሪክ ተመራማሪዎች፣ አማኝ ያልሆኑትም ጭምር፣ በ30 ወይም በ33 ገደማ መሰቀሉን ስለ ኢየሱስ ሕይወት በእርግጠኝነት ከሚናገሩት ጥቂት ነገሮች አንዱ ያደርጉታል።

እንግዲህ ሙስሊሙ ይህን ሁሉ ሲሰማ ምን ይላል? ለዚህ መልስ ወደ ራሱ መጽሐፍ መሄድ ያሻል።

አንዲት አንቀጽ

በቁርኣን ውስጥ ስለ ስቅለት በቀጥታ የሚናገረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱም ሱረቱ ኒሳእ፣ 157ኛውና 158ኛው አንቀጽ ነው። ምዕራፉ ነቢዩ ሙሐመድ በመዲና ሳሉ የወረደ ነው። በዚያ ስፍራ ተወቃሾቹ ክርስቲያኖች እንዳልሆኑ ብዙ ተከራካሪ አያስተውልም። አንቀጹ የሚመልሰው መሲሑን ገደልነው ብለው ይፎክራሉ ለተባሉ አይሁድ ነው። መልሱም፣ አልገደሉትም፣ አልሰቀሉትም፣ ነገሩ ግን ለእነርሱ ተመሰለባቸው፣ ይልቁንም አላህ ወደ እርሱ አነሣው የሚል ይዘት አለው።

የክርክሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው ‹‹ሹቢሀ›› በሚለው አንድ የዐረብኛ ግሥ ላይ ነው። መሰለ ከሚለው ሥር የወጣ፣ አድራጊው ያልተገለጸ ግሥ ነው። ምን ተመሰለ? ማንስ መሰለ? ሌላ ሰው የዒሳን መልክ ያዘ ማለት ነው? ወይስ ነገሩ ተምታታባቸው ማለት ብቻ ነው? አንቀጹ ይህን አይዘረዝርም።

ነገሩን የሚያከብዱ ሌሎች አንቀጾችም አሉ። በሱረቱ መርየም ሕፃኑ ዒሳ በአንቀልባ ሳለ ሲናገር፣ በተወለደበት፣ በሚሞትበትና ሕያው ሆኖ በሚነሣበት ቀን ሰላም በእርሱ ላይ እንደሚሆን ይናገራል። በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ቀደም ብሎ ስለ የሕያ፣ ማለት ስለ መጥምቁ ዮሐንስ፣ ተመሳሳይ ነገር ተብሏል። በሱረቱ አሊ ዒምራንና በሱረቱል ማኢዳ ደግሞ ስለ ዒሳ ፍጻሜ የተነገረው ‹‹ተወፋ›› በሚል ግሥ ነው። ይህ ግሥ በቁርኣን ውስጥ በአብዛኛው ነፍስን በሞት መውሰድን ያመለክታል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ነፍስ መወሰዷንም ይገልጻል። ስለዚህ አንዳንዱ ተርጓሚ አሞተው አለ፤ ሌላው አስተኝቶ ወሰደው አለ፤ ብዙኃኑ ደግሞ ከምድር ሰብስቦ ወሰደው፣ ሞቱ ገና ወደፊት ተመልሶ ሲመጣ ነው አሉ።

ነቢይ ሊገደል አይችልም ከሚል አሳብ የመጣ ክህደት ነው እንዳይባልም፣ ቁርኣን ራሱ በሌሎች ቦታዎች ነቢያት መገደላቸውን እየደጋገመ ያነሣል። ታዲያ ዒሳ ለምን ተለየ? ሙስሊም ሊቃውንት የሚሰጡት መልስ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው፣ ፈጣሪ የወደደውን ባሪያውን በጠላቶቹ እጅ ለውርደት አሳልፎ አይሰጥም፤ ሴራቸውንም አከሸፈ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በእስልምና ማንም የሌላውን ኃጢአት ሊሸከም ስለማይችል የቤዛነት ሞት አያስፈልግም የሚል ነው። አላህ ይቅር ሲል ይቅር ይላል። እንግዲህ ክርስቲያኑ ያለዚያ ሞት ድኅነት የለም ሲል፣ ሙስሊሙ ያ ሞት ሳይኖርም ምሕረት ሙሉ ነው ይላል። ጥልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

የ‹‹አንድም›› ሊቃውንት

የእኛ የቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ደንበኛ የሆነ ሰው የጠበሪን ተፍሲር ቢያነብ እንግድነት አይሰማውም። በ839 ገደማ በጠበሪስታን ተወልዶ በ923 በባግዳድ የሞተው ይህ ታላቅ ሊቅ፣ ለአንዷ አንቀጽ ከእርሱ በፊት የተነገሩትን ትርጉሞች አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያለ ይደረድራል። በአንደኛው ትረካ፣ ዒሳ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በአንድ ቤት ሳለ ተከበበ፤ ሁሉም የእርሱን መልክ ያዙ፤ ከመካከላቸው አንዱ ወጥቶ ተገደለ። ይህ ትረካ የመናዊው ወህብ ኢብን ሙነቢህ የተናገረው ነው፤ ጠበሪም ወደ እርሱ ያዘነብላል። በሌላው ትረካ፣ ዒሳ ማን የእኔን መልክ ይዞ ይሞትልኝና ጀነት ይግባ ብሎ ጠየቀ፤ አንድ ወጣት እሺ አለ። በኋላ ዘመን የተስፋፋ ሌላ ትረካም የተሰቀለው አሳልፎ የሰጠው ከዳተኛ ራሱ ነው ይላል።

እነዚህን ትረካዎች ሙስሊሞች ራሳቸው ሳይመረምሩ አልተዋቸውም። የሰዋስው ሊቅ የነበረው ዘመኽሸሪ (1075–1144) ግሡን ከሥሩ መዝኖ፣ መሰለ የተባለው መሲሑ ሊሆን አይችልም፤ እርሱ የተመሰለለት እንጂ የመሰለው አይደለምና፤ ስለዚህ ወይ ነገሩ ተምታታባቸው ማለት ነው፣ ወይም የተገደለው ሰው መሰላቸው ማለት ነው የሚል ትንታኔ ሰጠ።

ከእርሱ የበለጠ የደፈረው በ1210 ገደማ በሄራት የሞተው ፈኽረዲን አር-ራዚ ነው። ራዚ በተፍሲሩ ውስጥ ያነሣው ጥያቄ ዛሬም ሲነበብ ያስደንቃል። የአንዱ ሰው መልክ በሌላው ላይ ሊጣል ይችላል ካልን፣ ነገ ዘይድን ባየሁ ጊዜ ዘይድ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለኝ? ጋብቻስ፣ ንብረትስ፣ ምስክርነትስ በምን ይጸናል? ብዙ ሰዎች በየዘመኑ እየተቀባበሉ የሚያስተላልፉት ወሬ የማይታመን ከሆነ የነቢያት ታሪክ ሁሉ አይናጋም ወይ? ራዚ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያሉትንም ደርድሯል። በመጨረሻም የቁርኣኑን ቃል አጽንቶ ነው የሚያልፈው። ግን አስተውሉ፤ ክርስቲያን ተከራካሪ ሊያነሣው የሚችለውን ብርቱ ጥያቄ ከሁሉ አጥርቶ የጻፈው የሙስሊሞቹ የራሳቸው ኢማም ነው። ጥያቄን መፍራት የእምነት ምልክት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ያስተምራል?

ከብዙኃኑ የተለየ መንገድ የያዙም ነበሩ። በ10ኛው መቶ ዘመን በበስራ የነበሩትና ኢኽዋን አስ-ሰፋ የተባሉት ፈላስፎች በመልእክቶቻቸው፣ የዒሳ ሥጋ በእንጨት ላይ መቸንከሩን እንደ ተፈጸመ ነገር ተርከዋል። ለእነርሱ ገዳዮቹ ያልደረሱበት ነፍሱን ነው።

የቆየ ጥያቄ

ስቅለቱ እውነተኛ ሞት ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ከእስልምና በፊትም ነበረ። የአንጾኪያው ጳጳስ ቅዱስ አግናጥዮስ በ2ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ክርስቶስ መከራ የተቀበለ መሰለ እንጂ አልተቀበለም የሚሉ ሰዎችን አጥብቆ ይቃወማል። በ180 ገደማ የጻፈው ሄሬኔዎስም ባሲሊደስ የተባለ መምህር፣ የተሰቀለው ስምዖን ቀሬናዊ ነው፣ ኢየሱስ ግን የእርሱን መልክ ይዞ ቆሞ ይስቅ ነበር ብሎ ያስተምራል ሲል ይከስሰዋል። በ1945 በላይኛው ግብፅ፣ በናግ ሐማዲ አጠገብ በእንስራ ውስጥ ተቀብረው በተገኙት የቅብጥ መጻሕፍት መካከልም ይህን የሚመስል ትምህርት የያዙ አሉ።

ታዲያ ቁርኣን ከእነዚህ ወስዷል ማለት ነው? ይህን ድምዳሜ የሚቸኩሉበት ብዙዎች ናቸው። መመሳሰል ግን ብቻውን መዋረስን አያስረዳም። በዚያ ላይ ምክንያታቸው ፍጹም ተቃራኒ ነው። እነባሲሊደስ ስቅለቱን የካዱት ክርስቶስ እጅግ አምላካዊ ስለሆነ ሥጋ ሊይዘው፣ ሕመም ሊነካው አይችልም ብለው ነው። ቁርኣን ግን ዒሳ ሰው ነው፣ እርሱም እናቱም ምግብ ይበሉ ነበር ይላል። እነዚያ ያራቁት ከሰውነቱ ነው፤ ይህኛው ያዳነው ከጠላቶቹ ነው። ሁለት ሰዎች ከአንድ ቤት በተቃራኒ በር ቢወጡ ተከታተሉ አይባልም።

በባግዳድ የተደረገ ውይይት

ስለ ጉዳዩ ከጻፉ ክርስቲያኖች ቀደምቱ ዮሐንስ ዘደማስቆ ነው። ቤተሰቡ በደማስቆ በኡመያ ኸሊፋዎች የግብር አስተዳደር ውስጥ ያገለገለ ነበርና ሙስሊሞችን በቅርብ ያውቃል። በ8ኛው መቶ ዘመን ስለ መናፍቃን በጻፈው መጽሐፍ፣ አይሁድ የሰቀሉት ጥላውን ነው ይላሉ ብሎ የሙስሊሞቹን አሳብ መዝግቧል። አጻጻፉ ግን የተቃዋሚ፣ ያውም የተቆጣ ሰው አጻጻፍ ነው።

ከእርሱ ትንሽ ዘግይቶ የተደረገው ውይይት ሌላ መንፈስ አለው። በ781 ገደማ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ቀዳማዊ ጢሞቴዎስ በባግዳድ ከአባሲዱ ኸሊፋ አል-መህዲ ፊት ቀረበ። ሁለቱ ሰዎች ይተዋወቃሉ፤ ኸሊፋው የአሪስቶጣሊስን አንድ መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ እንዲያስተረጉምለት ያዘዘው ይህንኑ ፓትርያርክ ነው። ለሁለት ቀን ተነጋገሩ። ፓትርያርኩ በኋላ ውይይቱን በሱርስት ጽፎ አቆይቶልናል።

ኸሊፋው የሱረቱ ኒሳእን አንቀጽ ጠቀሰ። ፓትርያርኩ በቁርኣኑ መለሰ፤ በሱረቱ መርየም ስለሚሞትበት ቀን የተነገረውንና በአሊ ዒምራን ስለ መወሰዱ የተነገረውን አነሣ። ኸሊፋው ገና ወደፊት ይሞታል እንጂ አልሞተም አለ። ፓትርያርኩም እግዚአብሔር አንዱን በሌላው አስመስሎ ሰዎችን ማሳሳት ይገባዋልን ብሎ ጠየቀ። ኸሊፋው ደግሞ በተራው ብርቱ ጥያቄ አመጣ። ክርስቶስ በፈቃዱ ከሞተ ገዳዮቹ ፈቃዱን ፈጸሙ እንጂ ምን አጠፉ? ያለ ፈቃዱ ከሞተስ አምላክነቱ ወዴት አለ? ፓትርያርኩ ለዚህም የገዳዮቹን አሳብ ከክርስቶስ አሳብ እየለየ መለሰ።

ውይይቱ የሚታወሰው ግን ከሁሉ ይልቅ በአንድ ምሳሌ ነው። ጢሞቴዎስ እንዲህ የሚል ምሳሌ ተናገረ። በእኩለ ሌሊት፣ ሰው በሞላበት ጨለማ ቤት ውስጥ አንዲት ዕንቁ ወደቀች። ሁሉም ሊያነሣት ተሻማ። አንዱ ዕንቁዋን አገኘ፤ ሌላው የብርጭቆ ስባሪ፣ ሌላው ጠጠር፣ ሌላው ገል ያዘ። ሁሉም ዕንቁው በእጄ ነው ብሎ ደስ አለው። ማን ምን እንደ ያዘ የሚታወቀው ሲነጋ ነው። ፓትርያርኩ ዕንቁዋ በእጁ እንዳለች አይጠራጠርም፤ ምልክቶቿም በዚህ ዓለም ሳለን ይታያሉ ይላል። ይሁንና በኸሊፋው ቤት፣ በኸሊፋው ፊት እምነቱን አንዲት ነጥብ ሳይቀንስ ተናግሮ በክብር ወጣ። ኸሊፋውም ጥያቄውን አንዲት ነጥብ ሳይቀንስ ጠየቀ።

በአክሱምና ከአክሱም በኋላ

ከዚህ ውይይት 160 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በሀገራችን ሌላ ጉባኤ ነበር። በ615 ከመካ ስደት ወደ አክሱም የመጡት ሙስሊሞች በነጃሺ ፊት ቀርበው ስለ ዒሳ የሚያምኑትን እንዲናገሩ ተጠየቁ። ጥያቄውን በተንኮል ያነሣው የቁረይሾች መልእክተኛ ዐምር ኢብን አል-ዓስ ነበር። ታሪኩን ከስደተኞቹ አንዷ የነበሩት ኡሙ ሰለማ እንደ ተናገሩት የነቢዩን ሕይወት የጻፈው ኢብን ኢስሐቅ መዝግቦታል። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ አነበቡ፤ ዒሳ የአላህ ባሪያ፣ መልእክተኛ፣ መንፈሱና ወደ መርየም የተጣለ ቃሉ ነው ብለው መለሱ። ንጉሡ ከመሬት ትንሽ እንጨት አንሥቶ በዚህ መጠን እንኳ አልራቃችሁም እንዳለ ይተረካል።

በዚያ ጉባኤ የተወራው ስለ ልደቱ ነው። በትረካው ውስጥ ስለ ሞቱ የጠየቀ የለም። መልስ ጠባቂው ንጉሥ ገንዘቡ ላይ መስቀል የሚያስቀርጽ መንግሥት ወራሽ ነበር፤ ስደተኞቹ ደግሞ ስለ ስቅለት የሚናገረው አንቀጽ ገና በመዲና ሊወርድ ዓመታት የቀሩት ሰዎች ነበሩ። በልደቱ ተገናኝተው ሞቱ ሳይነሣ ጥገኝነት ተሰጠ። የሁለቱ ሃይማኖቶች ታሪክ በኢትዮጵያ የሚጀምረው ከተስማሙበት ቦታ መሆኑ ዕድል ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልቀጠለም። በ1529 የተጀመረው የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል፣ ከየመን መጥቶ ከእስልምና ወደ ክርስትና የገባውና የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን የደረሰው አባ ዕንባቆም በ1540 ‹‹አንቀጸ አሚን›› የተባለውን መጽሐፍ ለኢማሙ ጻፈ። ዕንባቆም በሰይፍ መካከል ቆሞ የመረጠው መሣሪያ የተቃዋሚውን መጽሐፍ ማወቅ ነበር፤ ቁርኣንን እየጠቀሰ ለክርስትናው ተከራከረ። አሳቡን የሚቀበል ይቀበል፣ የማይቀበል አይቀበል። ሳያነቡ መከራከርን ግን እርሱም አላስተማረንም።

አዲስ መልሶች

ከዚህ ወዲህ ባለው ዘመን ክርክሩ አዳዲስ መልክ ያዘ። ከሁሉ ብዙ ውዥንብር የፈጠረው የበርናባስ ወንጌል የሚባለው መጽሐፍ ነው። በጣልያንኛ የተጻፈው ብራና በቪየና ይገኛል፤ ከ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አያልፍም። በ1907 በእንግሊዝኛ፣ በ1908 በዐረብኛ ታተመ። የተሰቀለው ይሁዳ ነው ስለሚል ብዙ ሙስሊም ተከራካሪዎች እንደ ማስረጃ ያዙት። ነገር ግን መጽሐፉ ኢዮቤልዩ በየመቶ ዓመቱ ይከበራል ይላል። በኦሪት 50 ዓመት የነበረውን ወደ መቶ ያደረገው በ1300 የነበረው የሮማ ጳጳስ ነው። በዚያ ላይ መጽሐፉ ኢየሱስ መሲሕ አይደለም ይላል፤ ቁርኣን ግን ዒሳን መሲሕ ይለዋል። እንግዲህ ይህን መጽሐፍ የሚጠቅስ ሙስሊም የራሱን መጽሐፍ የሚቃወም ምስክር ጠራ ማለት ነው።

በ1889 በፑንጃብ የአሕመዲያን እንቅስቃሴ የመሠረተው ሚርዛ ጉላም አሕመድ ደግሞ፣ ዒሳ ተሰቀለ ግን በመስቀል ላይ አልሞተም፤ ከቁስሉ ድኖ ወደ ምሥራቅ ተጓዘ፤ አርጅቶ ሞቶም በካሽሚር በስሪናጋር ከተማ ተቀበረ አለ። ክርስቲያኑም ብዙኃኑ ሙስሊምም አልተቀበሉትም።

በ1942 የአዝሀር ሊቅ የነበሩት ማሕሙድ ሸልቱት፣ ዒሳ በሥጋው ሕያው ሆኖ ወደ ሰማይ ስለ መውጣቱ በቁርኣንም ሆነ በሐዲስ የጸና መሠረት የለም፤ ‹‹ተወፋ›› ማለት የተለመደው ሞት ነው፤ መነሣቱም የክብር ነው የሚል ፈትዋ ሰጡ። ብዙ ዑለማእ ተቃወሟቸው። ይሁን እንጂ በ1958 የአዝሀር ታላቁ ሸኽ ሆነው ተሾሙ።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የግብፃዊው ሐኪም የሙሐመድ ካሚል ሑሰይን ሥራ ነው። በ1954 በካይሮ ያሳተመው ‹‹ቀርየቱን ዛሊማ›› የተሰኘው ልብ ወለድ የሚተርከው ያንኑ ዓርብ ነው። ደራሲው ሙስሊም ነው፤ ስቅለቱ ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም በሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። እርሱን ያስጨነቀው ሌላ ነው። በዚያ ቀን አንዲት ከተማ ያን ጻድቅ ለመግደል ወሰነች። ዳኛው፣ ካህኑ፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው እያንዳንዱ በየቤቱ ከኅሊናው ጋር ተከራከረ፤ በአደባባይ ሲሰበሰብ ግን ኅሊናውን ገደለ። እጃቸው ግቡን መታ አልመታ፣ ፍርዳቸው ፍርድ ነው። እንዲህ አድርጎ ሲነበብ ዓርቡ ለሙስሊሙም ቁም ነገር ያለው ቀን ሆነ። መጽሐፉ በ1959 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ክርስቲያኖችም በጉጉት አነበቡት።

በመጨረሻ

በደማስቆ ታላቁ የኡመያ መስጊድ ውስጥ የየሕያ፣ የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ አርፎበታል የሚባል መካን አለ። በ2001 የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በዚያ ቆመዋል። የዚያ ነቢይ መገደል ክርስቲያንና ሙስሊምን አላከራከረም። ከመስጊዱ ሚናራዎች አንዱ ደግሞ የዒሳ ሚናራ ይባላል፤ በዘመን ፍጻሜ ዒሳ ከደማስቆ በስተምሥራቅ እንደሚወርድ በሐዲስ ተነግሯልና። በመዲናም ነቢዩ ሙሐመድ ከአቡ በክርና ከዑመር ጋር ባረፉበት ስፍራ አንድ ባዶ ቦታ ለዒሳ ተጠብቋል የሚል የቆየ ትውፊት አለ። አንዱ ወገን በኢየሩሳሌም ባዶ መቃብር ይሳለማል፤ የሌላው ወገን ትውፊት በመዲና ባዶ መቃብር ያቆያል። አንደኛው ባዶ የሆነው ስለ ተነሣ ነው፤ ሁለተኛው ባዶ የሆነው ገና ስላልሞተ ነው። ሁለቱም ግን ይመጣል ይላሉ።

ይህን ልዩነት ቀለል አድርጎ አንድ ናቸው ማለት ለሁለቱም ክብር አይሆንም። ክርስቲያኑ ሞቱን ከተወ ክርስትናው ይቀራል። ሙስሊሙም አንቀጹን ሊተው አይችልም። በሀገራችን ሠርግ ሲደገስ የእስላሙ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፤ ድስቱም ይለያል። ዳሱ ግን አንድ ነው፤ ሙሽሮቹን የሚመርቁትም አብረው ነው። ይህን ያቆዩልን ልዩነቱን የማያውቁ ሰዎች ሳይሆኑ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ዛሬ የሚያስፈራው ልዩነቱ መኖሩ አይደለም፤ የጎረቤትን እምነት ከጎረቤት አፍ ሳይሆን ከተሳዳቢ አፍ መማር መለመዱ ነው። ራዚ የተቃዋሚውን ጥያቄ ከተቃዋሚው አሳምሮ ጻፈ፤ ጢሞቴዎስ የኸሊፋውን መጽሐፍ ያውቅ ነበር። እኛስ?

በኢየሩሳሌም ነገም ጎሕ ሳይቀድ ያ ሰው ቁልፉን ይዞ ይመጣል። ከውስጥ መሰላል ይቀበላል። በእጁ ያለው ቁልፍ የማን ዕንቁ እውነተኛ እንደ ሆነ አይፈርድም፤ በሩን ብቻ ይከፍታል።